የእሜቴ ብልቃጥ

ማክሰኞ ጧት ሁለቱን ሳህኖች ከመደርደሪያው አውርጄ ነጭ ወረቀት ላይ ሳስቀምጣቸው፣ ሰባተኛው ረድፍ እንደ ሌሎቹ አልነበረም።

ሥራውን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ሳህኑ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ትናንሽ ጉድጓዶች የተደረደሩበት ፕላስቲክ ነው። ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ረድፍ እንሰጣለን። ከደሙ የተለየውን ቢጫ ውሃ፣ ሴረም የምንለውን፣ ከረድፉ መጀመሪያ አስቀምጠን ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር እያቀጠንን እንቀጥላለን። ከዚያ በየጉድጓዱ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ የሞተ ጥገኛ ተሕዋስ ጨምረን እስከ ማግሥቱ እንተወዋለን። እንስሳው ከዚያ ተሕዋስ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ከሆነ ሰማያዊው ይሰምጥና ከጉድጓዱ ሥር የእስክሪብቶ ጫፍ የምታህል ነጥብ ይሆናል። ተገናኝቶ ከሆነ ግን ደሙ ያስታውሳል፤ ሰማያዊውን ይዞ አይለቅም፤ በነጥብ ፈንታ ስስ ጉም ይዘረጋል። ነጥብ ስናይ እፎይ እንላለን። ጉም ስናይ ሳህኑን አዙረን እንደገና እናያለን።

እኔ አራት ጊዜ አየሁት። መነጽሬን ጠርጌ አየሁት፤ መስኮቱ ዘንድ ወስጄ አየሁት። ከሦስተኛው ጉድጓድ እስከ አሥራ አንደኛው ጉም ነበር።

በማራቢያ ጣቢያችን ዘጠኝ ተኩላዎች አሉ። የዚህ ዝርያ ተኩላ በዓለም ላይ ስንት እንደቀረ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ቁጥሩን የምናርመው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እያስተኛን ደም እንቀዳቸዋለን። የምንፈልገው ካላዛርን ነው። የአሸዋ ዝንብ ከውሻና ከውሻ ዘመድ ወደ ሰው የምታዛምተው፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ከአጥራችን በታች ደግሞ ሰፈር አለ።

ሰባት ቁጥር እሜቴ ናት። ስሟን ያገኘችው ከአመሏ ነው፤ ሥጋ ሲጣልላት ወዲያው አትነሳም፤ ሰው ሁሉ ከሄደላት በኋላ ቀስ ብላ ትነሳለች። ስምንቱ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እሷ ግን ከአንድ ሕገወጥ የእንስሳት ነጋዴ ተወርሳ፣ ከሞቃት አገር የመጣች ናት።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሻለቃ ነው።

“እትዬ፣ ምነው ፊትሽ! ማን ሞ...” አለና አፉን በእጁ ያዘ።

ሻለቃ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ የተኩላዎቹ ጠባቂ ነው። ወታደር ቤት ረግጦ አያውቅም፤ ተኩላዎቹን “ተሰለፍ!” እያለ ስለሚያበላቸው ነው ወንድሙ እንዲህ ብሎ የሰየመው። እኔ፣ እሱና አማቴ በአንድ ቤት እንኖራለን። ባለቤቴ የጣቢያው ሐኪም ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ሐሙስ ዕለት ዘጠኙንም ደም ቀዳ፤ ቅዳሜ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያቺ ቃል እንዲህ በዋዛ አትነሳም።

“ማንም አልሞተም” አልኩት። “እሜቴ ጉም አላት።”

መጥቶ አጎነበሰ። ማንበብ ባይችልም ነጥብና ጉም መለየት ይችላል።

“ሌሎቹስ?”

“ንጹሕ ናቸው። እስከ መጨረሻው ነጥብ።”

“እንግዲያው እሷን ለብቻ እናደርጋታለን። አለቀ። ምን ያስጨንቃል?”

አላለቀም። ደንቡ ከበሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ተጋልጦ ቆይቶ ወደ ጣቢያው የገባ እንስሳ በመረብ ውስጥ ለብቻው ይጠበቃል። በጣቢያው ውስጥ እያለ የተያዘ እንስሳ ከተገኘ ግን ዝንቧም በሽታውም ግቢው ውስጥ አሉ ማለት ስለሆነ መንጋው በሙሉ ይወገዳል። “ይወገዳል” የሚለውን ቃል የጻፈው ሰው መርፌ ይዞ የቆመ አይመስለኝም። ወይም ቆሞ ይሆናል፤ ለዚያ ይሆናል ሌላ ቃል የፈለገው።

የቀድሞውን መዝገብ አወጣሁ። እሜቴ ከሦስት ዓመት በፊት በተደረገው ምርመራ ገና ከመግቢያው የመረብ ክፍል አልወጣችም ነበር። ውጤት፦ ነጻ። ፊርማው የእኔ ነው።

ያኔ ነጻ፣ ዛሬ የተያዘች። በወረቀት ሲነበብ ትርጉሙ አንድ ነው፦ እዚሁ፣ በእኛ እጅ ሆና ተያዘች። ዘጠኝ መርፌ።

ለእንስሳት ጤና ቢሮ ደወልኩ። መደወል ግዴታዬ ነው። ሻለቃ ስልኩን ከእጄ ሊነጥቀኝ የፈለገ ይመስል እጁን ዘርግቶ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

*

ተቆጣጣሪው ከቀትር በፊት ደረሰ። ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ የሳል ከረሜላ በጉንጩ ይዞ ነው የሚናገረው። ሳህኑን እንደኔው አራት ጊዜ አየና ወንበር ሳበ።

“ኮሚቴው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል” አለ። “ሥራው በዚያው ቀን ነው። ሣጥኑን ነገ ይዤ እመጣለሁ።”

“የምን ሣጥን?” አለ ሻለቃ፣ እያወቀ።

“የምታውቀውን።”

“ዘጠኙንም? አንዷ ስለታመመች? ጌታዬ፣ እርስዎ ራስዎ እኮ ጉንፋን ይዞዎታል፤ ታዲያ ቢሮው በሙሉ ይወገዳል?”

ተቆጣጣሪው አልተቆጣም። አፍንጫውን ተናፈጠና “እኔ ተኩላ ጠልቼ አይደለም ወንድሜ” አለው። “ስመጣ ከአጥራችሁ ሥር ሕፃናት ኳስ ሲጫወቱ ነበር። አንዷ ግብ ጠባቂ እጅጌ የሌለው ልብስ ነው የለበሰችው። ዝንቧ እጅጌ የሌለው ልብስ ትወዳለች።”

ሰውየው ልክ ነበር፤ ነገሩን የሚያከብደውም ልክ መሆኑ ነበር።

እነሱ ሲወጡ ሳህኑ ላይ ተመልሼ አጎነበስኩ። ቅድም ያየሁት፣ ግን ልብ ማለት ያልፈለግሁት ነገር ነበር። በእሜቴ ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች ጉም አልነበራቸውም። ነጥብ ነው ያላቸው። ደህና፣ ክብ፣ ጥርት ያለ ነጥብ።

ይህ በሥራችን ይታወቃል። በደሙ ውስጥ ያለው መከላከያ ከመጠን በላይ ሲበዛ እርስ በርሱ ይጋፋና፣ ወፍራሙ ጉድጓድ ላይ ምንም እንደሌለ ይመስላል። የሚገለጠው ሲቀጥን ነው። ለዚህ ነው ደንቡ ከአንድ ብልቃጥ ሁለት ጊዜ እንድንቀዳ የሚያዘን፦ አንዴ ለማጣሪያ፣ ከወፍራሙ ሁለት ጉድጓድ ብቻ፤ አንዴ ደግሞ፣ ማጣሪያው ነጥብ ቢሆንም ባይሆንም፣ ለሙሉ ረድፍ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀዳሁት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ሰዎች “ጎበዝ ናት፣ ጠንካራ ናት” አሉ። ዘጠኙን ብልቃጦች አወጣሁ፤ ማጣሪያውን ሠራሁ፤ በማግሥቱ አሥራ ስምንት ነጥብ አነበብኩ፤ “ነጻ” ብዬ ፈረምኩ። ሁለተኛውን ቅጂ፣ ሙሉውን ረድፍ፣ አልሠራሁም። ማንም አልጠየቀኝም። በዚያ ሳምንት እኔን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ከታች፣ በስተግራ ጥግ፣ በረዶ የያዘው ሣጥን። ያለበትን ሳላይ አውቀዋለሁ። ዘጠኙ ብልቃጦች እንዳሉ ናቸው። ሰባተኛውን በሁለት ጣቴ ብድግ አድርጌ በብርሃን አየሁት። ከሥሩ የጥፍር ጫፍ የማይሞላ ቢጫ በረዶ አለ። ለአንድ ረድፍ ይበቃል። ለአንድ ብቻ። እጄ ቢንቀጠቀጥ፣ አንዲት ጠብታ ብትዛነፍ፣ ሁለተኛ ዕድል የለም።

በውስጡ ጉም ካለ እሜቴ በሽታውን ይዛ ነው የመጣችው፤ ስምንቱ ይተርፋሉ። በውስጡ ነጥብ ካለ፣ ፊርማዬ ልክ ነበር፤ ዘጠኙም ይሞታሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መሳሳቴን የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

*

ረቡዕ ጧት ተቆጣጣሪው ሣጥኑን ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ከቢሮው በመጡት ወረቀቶች ስለተያዘ ሣጥኑን መሬት ላይ፣ ከበሩ ሥር አኖረው። አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነው፤ ቁልፍ አለው። ሻለቃ በገባ በወጣ ቁጥር እንደ ተኛ ውሻ ይዘለው ነበር።

የድሮውን ብልቃጥ በሙሉ ረድፍ የመመርመር ሐሳቤን ለተቆጣጣሪው ነገርኩት። ጨርሶ ሰማኝ።

“ማስረጃ ነው የሚሆነው” አለ። “ግን እህቴ፣ ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ታሪኩ ሙሉ ሲሆን ነው። ብልቃጡን ከመክፈታችን በፊት አንድ ነገር ልጽፍ ይገባኛል። ለምን ሁለተኛው ቅጂ አልተሠራም?”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። መልሱንም ከማታው ጀምሮ አዘጋጅቼው ነበር።

“ሰማያዊው ቀለም አልበቃንም ነበር” አልኩ። “በዚያ ዓመት የመጣው ጥቂት ነው።”

ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ “በየትኛው ጠርሙስ ነው የሠሩት? ቁጥሩን ልያዘው” አለና ፍሪጁን ከፈተ። ከፍሪጃችን ዕቃ የመጣል ልማድ የለንም፤ ጊዜው ያለፈበት ሁሉ በኋለኛው መደርደሪያ ይጠራቀማል። እጁን ሰድዶ ሁለት ጠርሙሶች አወጣ። አንደኛው ባዶ ነው። ሁለተኛው ማኅተሙ ያልተነካ፣ ዓመተ ምሕረቱ ያው፣ ወሩ ያው። ሙሉ።

ከረሜላውን ማላመጥ አቆመ።

“ይሄስ?” አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ሻለቃ በሩ ላይ ነበር። ባይኖር እመርጥ ነበር።

ለሦስት ዓመት ሰው እንዳይጠይቀኝ አድርጌ ኖሬያለሁ። “እንዴት ነሽ” ለሚለኝ “ደህና” የምለው ቀጣዩ ጥያቄ እንዳይመጣ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሲፈጀው ኖሯል። አሁን ግን ውሸቴን እዚህ ላይ ብይዘው፣ ነገ የማነበውን ጉም ማንም አያምነኝም። ስለ ጠርሙስ የዋሸች ሴት ስለ ረድፍም ልትዋሽ ትችላለች።

“ቀለም ነበረን” አልኩ። “ሴረሙ ነው ጥቂት የነበረው። ባለቤቴ በዚያ ቀን ግራ እጄ ደነዘዘኝ እያለ ስለነበር ከእያንዳንዳቸው የቀዳው ትንሽ ትንሽ ነው። ሁለተኛ ብቀዳ ብልቃጦቹ ባዶ ይሆኑ ነበር። ባዶ ብልቃጥ ደግሞ እናቃጥላለን።”

“እና?”

“መለያዎቹን የጻፈው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት። ከዚያ በኋላ የጻፈው ነገር የለም።” ወደ ፍሪዘሩ አመለከትኩ። “እንዳይቃጠሉብኝ ፈልጌ ነው።”

ተቆጣጣሪው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ተናፈጠ፤ ጉንፋኑ ይሁን ሌላ አላውቅም። የመጀመሪያውን መስመር በአንድ ጭረት ሰረዘው።

“በዚሁ ቃል ልጻፈው?”

“በዚሁ ቃል ይጻፉት።”

ጻፈ። ሲጽፍ ቀስ ብሎ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ሰማሁት።

“ለወረቀት?” አለ ሻለቃ ከበሩ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። “ዘጠኝ ነፍስ፣ እትዬ... ለተለጠፈ ወረቀት?”

ሣጥኑን ዘልሎ ወጣ።

ብልቃጡ በመዳፌ ውስጥ ቀለጠ። ፒፔቱን፣ ቀጭኗን መምጠጫ፣ አስገባሁ። ከሥሩ ያለውን አንዲት ጠብታ ሳላስቀር መጠጥኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እጄ ያን ዕለትም አልተንቀጠቀጠም ነበር። አጠገቡ ንጹሕነቱ የሚታወቅ ደምና በሽታው እንዳለበት የሚታወቅ ደም፣ ለማመሳከሪያ፣ ሁለት ረድፍ ሠራሁ። ሰማያዊውን ጨመርኩ፤ ከደንኩት። ተቆጣጣሪው በክዳኑ ዙሪያ የወረቀት ማኅተም ለጥፎ ፈረመበት፤ እኔም ፈረምኩ።

“እስከ ነገ ጧት ሦስት ሰዓት ማንም አይነካውም” አለ። “እኔም ብሆን።”

*

ማታ ራት ላይ ሻለቃ ዞር ብሎም አላየኝም። ጨው ሲፈልግ እናቱን አሻግሮ ተንጠራራ እንጂ ከእኔ አልጠየቀም። አማቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

“ምን ሆናችኋል? ሁለታችሁም የቤት ሥራ ሳይሠራ እንደተያዘ ተማሪ ናችሁ።”

“እሷን ይጠይቋት” አለ።

ነገርኳት። ለተቆጣጣሪው ከነገርኩት ባጠረ ቃል። አማቴ ጣቷን በጠረጴዛው ልብስ ጠርዝ ላይ እያመላለሰች ሰማችኝ።

“ለወረቀት እኮ ነው እማዬ!” አለ ሻለቃ። “እኔ ነኝ ነገ ጧት እነዚያን እንስሳት የማበላ። የመጨረሻ ቁርሳቸው መሆን አለመሆኑን ሳላውቅ። ምን ብዬ ልጥራቸው? ተሰለፉ ልበላቸው?”

“አንተ ልጅ፣ ድምፅህን ቀንስ።” አማቴ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ በእጇ የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የባለቤቴ ስልክ ነው። ከጥጉ የተሰነጠቀው። መብራቱ በርቷል፤ መቶ በመቶ ሞልቷል።

ጠፍቷል ብዬ ነበር እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ የማስበው።

“በየማታው ቻርጅ አደርገዋለሁ” አለች። “ማን ይደውልለታል ብላችሁ እንዳትስቁብኝ ነው ትራሴ ሥር የምደብቀው። እስቲ አሁን እኔንም ስደበኝ።”

ሻለቃ አልሰደባትም። ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ አደረገ። ከዚያ ጨውን አንስቶ፣ ሳልጠይቀው፣ አጠገቤ አስቀመጠ።

*

ሐሙስ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ፣ ሻለቃና ተቆጣጣሪው ጠረጴዛው ዘንድ ቆመን ነበር። ከመስኮቱ ባሻገር ተኩላዎቹ ይሰማሉ፤ ሻለቃ ከወትሮው እጥፍ አብልቷቸዋል፣ አልጠየቅሁትም። የሣጥኑ ክዳን ተከፍቷል። ዘጠኝ መርፌ በሁለት መስመር፣ አምስትና አራት።

ተቆጣጣሪው ማኅተሙን አየ፤ ፊርማውን አየ፤ በምላጭ ቀደደው።

“ያንብቡ። ጮክ ብለው።”

መጀመሪያ ማመሳከሪያዎቹን አነበብኩ። ንጹሑ፣ አሥራ ሁለቱም ነጥብ። የታመመው፣ ጉም። ሳህኑ ደህና ሠርቷል ማለት ነው፤ ከእንግዲህ የሚነገረኝ ሁሉ እውነት ነው፤ ሰበብ የለም።

ወደ እሜቴ ረድፍ ወረድኩ።

“አንደኛ፣ ነጥብ።”

ሻለቃ ተጠጋ።

“ሁለተኛ፣ ነጥብ።”

እስከዚህ የማውቀው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ያነበብኩት ይህንን ነው፤ አንብቤም መብራቱን አጥፍቼ ወደ ቤት ሄጃለሁ።

“ሦስተኛ...” ነጥብ ነበር።

“ይናገሩ እንጂ!” አለ ተቆጣጣሪው።

“ነጥብ።”

“እትዬ!” አለ ሻለቃ።

“ቆይ።” ነጭ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ሳብኩ። ነጥቡ ክብ አልነበረም። ጠርዙ ተበልቷል፤ እንደ አሮጌ ጨርቅ ዳር ተተልትሏል። “ነጥብ፣ ጠርዙ የተበላ።” ተቆጣጣሪው አጎነበሰ፤ የከረሜላው ሽታ ፊቴን መታኝ።

“አራተኛ” አልኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። “ጉም።”

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አነሳ።

“አምስተኛ፣ ጉም። ስድስተኛ፣ ጉም። ሰባተኛ፣ ጉም።” ከዚያ በኋላ ያለውን በጣቴ አሳየሁት። እስከ አሥረኛው ነበር። ተቆጣጣሪው የቀረውን ራሱ አነበበ፤ ጮክ ብሎ፣ እያንዳንዷን፤ ከዚያም ማክሰኞ የተነበበውን አጠገቡ ጻፈና ሁለቱን አስተያየ።

“ይዛው ነው የመጣች” አለ። “መጠኑ ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። ስምንቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አብረዋት ኖረው አልነካቸውም።” ወደ በሩ ሄዶ የሣጥኑን ክዳን በእግሩ ዘጋው። ለኮሚቴው ሲደውል ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

ሻለቃ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ጉልበቱ ላይ ፊቱን ደፋ፤ ሲያቀና ግን የሚስቅ ነበር የሚመስለው። “ጉደኛ” አለኝ። “እድሜዬን ነው ያሳጠርሽው።”

ስልኩን ሲጨርስ ተቆጣጣሪው የፕላስቲክ ከረጢት አወጣ።

“ብልቃጡን እወስዳለሁ” አለ። “ከሰነዱ ጋር ይያያዛል። አይቃጠልም፤ ግን አይመለስም።”

“አውቃለሁ።”

“ደረሰኝ እጽፍልዎታለሁ። መለያው ላይ ያለው ሁሉ ቃል በቃል ይገለበጣል፤ ደንቡ ነው።” ብልቃጡን ወደ ዓይኑ አቀረበ፤ አነበበ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ እንደገና አነበበ። “ይሄ... ይሄም የመለያው አካል ነው?”

“ነው።”

ጻፈው። ቀድዶ ሰጠኝ። በማላውቀው ሰው የእጅ ጽሑፍ፣ ከቢሮው ማኅተም በላይ፣ እንዲህ ይላል፦ “ቁጥር 7። እሜቴ። ከአንገት። ዛሬም አኩርፋኛለች።”

ባለቤቴ በየመለያው ላይ አንድ ነገር ሳይጨምር አይጽፍም ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ እኔ እቆጣው ነበር፤ ይህ የምርመራ ክፍል ነው እንጂ የመልእክት ሰሌዳ አይደለም እለው ነበር።

“አንድ ነገር ቀርቷል” አለ ተቆጣጣሪው ሣጥኑን ሲያነሳ። ደስ ሳይለው ነው የተናገረው። “የስምንቱም የዚያ ዓመት ምርመራ ጎዶሎ ነው። ሁለተኛው ቅጂ መሠራት አለበት፤ መዝገቡ እንዲዘጋ። ብልቃጦቹን ከዚያ በኋላ እንደ ደንቡ። አላስቸኩልዎትም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሲመችዎት።”

“እሺ” አልኩ።

እሜቴን ከቀትር በኋላ ወደ መረቡ ክፍል አዛወርናት። ስምንቱ በአጥሩ በዚያኛው በኩል እየተመላለሱ ጠሯት። አልመለሰችም፤ ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ተኛች። መረቡ ዝንብ የማያሳልፍ ድርብ ነው፤ ከውስጥ ሆና ስታየን የጭጋግ ያህል ነው የምንታያት። ምን ያህል ዘመን እንደዚያ እንደምትኖር አላውቅም። ሻለቃ ሥጋዋን ወርውሮላት “ተሰለፊ” አላት፤ በለሆሳስ። ዞር አላለችም።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነበር። ኮቴን አነሳሁ፤ መልሼ ሰቀልኩት። እስከ ሰኞ ብቆይ፣ እስከሚቀጥለው ሰኞም እንደምቆይ ራሴን አውቀዋለሁ። ፍሪዘሩን ከፍቼ ሣጥኑን ከጥጉ አወጣሁ። ሳህን አስቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ሻለቃ አንኳኩቶ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው።

“ምስክር ያስፈልጋል አይደል?” አለ። “ሰውየው ሲፈርም አይቻለሁ። እኔም መፈረም እችላለሁ፤ አሳምሬ ባይሆንም።”

“ና፣ ተቀመጥ።”

ወንበሩን ሳበ። አንደኛውን ብልቃጥ በመዳፌ ይዤ እስኪቀልጥ ጠበቅሁ። በረዶው ሲለቅ ፊደሎቹ እየደመቁ መጡ፤ ወደ ግራ ያዘነበሉ፣ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ከመስመር የምትወርድ።

“ምን ይላል?” አለኝ።

“ቁጥር አንድ። ሆዳሙ። ተኝቶም ያላምጣል።”

ከአፍንጫው ሳቀ። ቀዳሁ፤ ረድፉን ሞላሁ፤ ብልቃጡን ባዶዎቹ ማኖሪያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ካልጠበቁት አይሰማም። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ አነበብኩለት፤ ቀዳሁ። ሦስተኛው ለመቅለጥ ዘገየ። ጽሑፉን ቀድሜ ለራሴ ሳነበው ሳላስበው ፈገግ አልኩ መሰለኝ፤ ሻለቃ ወንበሩን አስጠጋ።

“ምንድነው? አንብቢው እንጂ!”

“ቁጥር ሦስት። ጎረምሳው። ሻለቃን ነክሶታል፤ ደግ አደረገ።”

ሻለቃ የግራ አውራ ጣቱን አየ። ጠባሳው አሁንም አለ። ከንፈሩን ነክሶ፣ እኔን ሳይሆን በእጄ ያለውን ብልቃጥ እያየ፣

“እስቲ ድገሚው” አለኝ።